ለሆቴል ወጥ ቤት ቲማቲምና ሽንኩርት፦ ከአዳማ ጅምላ፣ ከመቂ ማሳ ወይስ ከአቅራቢ?

አዳማ ላይ ወጥ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሦስት መንገድ አለው፤ ማለዳ ጅምላ ተራ ወርዶ መግዛት፣ መኪና ይዞ መቂ ወይም ባቱ ማሳ ድረስ መሄድ፣ ወይም ከአቅራቢ ጋር ተዋውሎ በር ላይ መረከብ። ለሁሉም አትክልት አንዱን መንገድ ብቻ መያዝ ያከስራል፤ የቲማቲምና የሽንኩርት ጠባይ ለየቅል ነውና።

ቲማቲም በበጋ ከቆቃ፣ ከመቂና ከባቱ የመስኖ ማሳዎች በብዛት ስለሚገባ ጅምላ ተራው ያዋጣል፤ በዋጋ ካልተስማሙ ሌላ መኪና ይመጣል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። እርጥበቱ የቅጠልና የፍሬ በሽታ ያመጣል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ መንገዱ ይጨቀያል። በዚያ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ምግብ ፈላጊው ይበዛል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ላለው ጊዜ አስቀድሞ፣ ሰኔ ላይ፣ ከአቅራቢ ጋር መዋዋል ይሻላል። ውሉ በሳጥን ሳይሆን በኪሎ ይሁን፤ የእንጨት ሳጥን ልኩ አንድ አይደለም፣ ባዶውም ቀላል የማይባል ክብደት አለው።

ርካሽ ዋጋ ብዙ ሰው ያታልላል። ለምሳሌ ኪሎው 40 ብር የሆነ ቲማቲም ከአሥሩ ሦስቱ ከተጣለ፣ ድስት የሚገባው ኪሎ 57 ብር ወጣበት ማለት ነው። 50 ብር ተከፍሎበት ከአሥሩ አንዱ ብቻ የሚጣለው ግን 56 ብር እንኳ አይሞላም። ሲረከቡ ሳጥኑን ወደ ባዶ ሳጥን ይገልብጡት፤ የተጨፈለቀው ሁልጊዜ ከታች ነው። ለሦስት ቀን የሚገዛ ደግሞ ሁሉንም ቀይ አይውሰድ፤ ለዛሬ የበሰለ፣ ለነገ ወገቡ የቀላ፣ ለከነገ ወዲያ ገና መቅላት የጀመረ ይምረጥ። ያልበሰለውን ፍሪጅ ማስገባት ጥፋት ነው፤ ከ12 ዲግሪ በታች በወጉ አይቀላም፣ ሲወጣም ቶሎ ይበሰብሳል።

ሽንኩርት ግን ይቀመጣል፤ ብልሃቱ ቀኑን መቅደም ነው። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዶሮ ወጥ ፈላጊውን ስለሚያበዛው፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የገዛ ከግርግሩ በፊት ባለው ዋጋ ያገኘዋል። ይህ የሚሠራው ግን ለደረቀ ሽንኩርት ብቻ ነው። አንገቱን በጣት ይጫኑት፤ ከለሰለሰ ሳይደርቅ የተነቀለ ነውና ከአንገቱ ጀምሮ ይበሰብሳል፣ ጎረቤቱንም ያበላሻል። ጆንያውን ማዘርገፍ አይፈሩ፤ ትልልቁ አፉ ላይ፣ ጥቃቅኑ መሃል የሚደረገው በከንቱ አይደለም። ከድንች ጋር አንድ ላይ አያከማቹ፤ ከድንቹ በሚወጣው እርጥበት ይበቅላል።

ማሳ ድረስ መሄድ በወሬ ርካሽ ነው። ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የአይሱዙው ኪራይ ሲደመር፣ በቀን ሁለት ሳጥን ለሚጨርስ ወጥ ቤት ትርፍ የለውም። ሦስት አራት ሆቴሎች ተባብረው መኪናውን ከሞሉት ግን ያዋጣል፤ ያኔም ደረጃ ሳይወጣለት ትንሹም ትልቁም ተቀላቅሎ እንደሚጫን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ደረሰኝ ለሚፈልግ ሆቴል ደግሞ ገበሬው አይቆርጥለትም፤ አቅራቢ ትንሽ ቢያስወድድም በዚህ ይበልጣል።

ሙዙ ከአርባ ምንጭ፣ ድንቹና ጥቅል ጎመኑ ከሻሸመኔና ከአርሲ ደጋ ስለሚመጡ ለእነዚህ ጅምላ ተራው ይበቃል። ብርሃን መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች ካዩ ግን በነፃም አይውሰዱ፤ ይመራል፣ ሆድም ያውካል።