ሁለት የፈረንሳይ ሰፈራዎች፣ ሁለት ዓይነት እርሻ

ፈረንሳዮች በሰሜን አሜሪካ መሬት ሲያከፋፍሉ ቀጭንና ረጅም አድርገው መቁረጥ ይወዱ ነበር። ኑሮው ግን እንደ ቦታው ለየቅል ነበር።

በካናዳ፣ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር፣ የአንድ ቤተሰብ ድርሻ ብዙውን ጊዜ በወንዙ በኩል ከ200 ሜትር አይበልጥም ነበር፤ ወደ ኋላ ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይዘልቅ ነበር። ከፊት ዓሣና የጀልባ መንገድ፣ ከመሃል ማሳ፣ ከጀርባ ማገዶ ነበረ። ቤቱም እዚያው ነበር። ታዲያ ገበሬው ለባለ ርስቱ ይገብር ነበር፤ እህሉንም በእሱ ወፍጮ የማስፈጨት ግዴታ ነበረበት። ይህ የባለ ርስት ሥርዓት በሕግ የተሻረው በ1854 እ.ኤ.አ. ነው።

በዛሬዋ ዩናይትድ ስቴትስ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ በካስካስኪያና በሴንት ጄኔቪቭ ሰፈራዎች ደግሞ፣ ሰው በመንደር ተሰብስቦ ይኖር ነበር፤ ማሳው ከመንደር ውጭ ነበር። በአንዱና በሌላው ማሳ መካከል አጥር አልነበረም። ዙሪያውን ግን አንድ የጋራ አጥር ይከበው ነበር፤ ሁሉም የየድርሻውን ያጥር ነበር። አንዱ ከሰነፈ ከብት ገብቶ የጎረቤቱን ስንዴ ጭምር ያወድም ነበር። አዝመራው ሲሰበሰብ የሁሉም ከብት ገብቶ የቀረውን ይግጥ ነበር።

ለመተሳሰቡ ቢሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር። ነገር ግን እዚያ ከሚያርሱት ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ከዚያ ሁሉ ማሳ ድርሻ አልነበራቸውም። በካናዳም ባርነት ነበረ፤ የእርሻው ጉልበት ግን በአብዛኛው የቤተሰቡ የራሱ ነበር።