ሲፓፕ ማሽንና የማታ ብርጭቆ፦ ስምንት ወር የተኛሁበትን ዕቃ ልንገራችሁ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሲፓፕ ማሽን፣ ማለትም ተኝተን ትንፋሻችን እንዳይቋረጥ በማስክ አየር የሚገፋልን መሣሪያ፣ ጥሩ ዕቃ ነው። ስምንት ወር ተኝቼበታለሁ፤ መልስ ብባል አልመልስም። ግን ማታ ማታ አንድ ሁለት የምትሉ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ ነገር ስላለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

እኔ ጠጪ የምባል ሰው አይደለሁም። ቢያንስ ራሴን እንደዚያ አላየውም ነበር። ከሥራ ገብቼ፣ ራት በልቼ፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ወይ ሁለት ቢራ፤ ቅዳሜ ደግሞ ትንሽ ውስኪ። ምክንያቴ "እንቅልፍ ያመጣልኛል" ነበር። እውነትም ያመጣል። ገና ትራሱን ሳልነካ ነው የምጠፋው። ከዚያ በኋላ ያለውን የምታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። ማንኮራፋቴን ለምዳዋለች፤ የሚያስደነግጣት ማንኮራፋቱ ሲቆም ነው። ድምፄ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ደረቴ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። እሷ በጨለማ ውስጥ ትቆጥራለች፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። ከዚያ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው በአንድ ጊዜ አየር እስባለሁ። ጠዋት ስትነግረኝ "ህልም አይተሽ ነው" እላት ነበር። በስልኳ ቀርጻ ያሰማችኝ ቀን ነው ዝም ያልኩት።

ምርመራ ሄድኩ። ሽቦ በሽቦ ሆኜ አንድ ሌሊት ተኛሁ፤ ውጤቱ በሰዓት 34 መጣ። ይህ ቁጥር ኤኤችአይ ይባላል። በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም በጣም እንደቀነሰ ነው የሚቆጥረው። ከ5 በታች ደህና ነው፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይሉታል። ያን ሌሊት ደግሞ ጠብታ አልኮል አልቀመስኩም። የቅዳሜው ሌሊት ቢለካ ኖሮ ስንት ይመጣ እንደነበር እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወደ ዕቃው ልምጣ። አልጋ አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን ናት። የክፍሉን አየር ትስባለች፣ በማጣሪያ ታሳልፋለች፣ በቱቦ አድርጋ ወደ ማስኩ ትገፋለች። ብዙ ሰው ኦክስጅን የምትሰጥ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ያው የምንተነፍሰው አየር ነው። ሥራው ግፊቱ ላይ ነው፤ የሚላላውን ጉሮሮ ከውስጥ ገፍቶ ክፍት አድርጎ ይይዘዋል። ግፊቱ በሴንቲሜትር ውሃ ነው የሚለካው፤ አብዛኞቹ ማሽኖች ከ4 እስከ 20 ይሄዳሉ። ሐሳቡን ያመጣው ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነው፤ ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የድሮዎቹ ትልልቅና ጩኸታም ነበሩ ይባላል። የእኔዋ ግን ከማራገቢያ ያነሰ ድምፅ ነው ያላት፤ ባለቤቴ ከእኔ ማንኮራፋት ጋር ስታወዳድረው "ሙዚቃ ነው" ትላለች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያበሳጫሉ። ፊት ላይ ምልክት ይተዋል፣ ቱቦው ይጠመጠማል፣ ስትገላበጡ አየር ዓይናችሁ ውስጥ ይነፋል። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ይለመዳል። ሲለመድ ምን እንደሚመጣ ግን ልንገራችሁ። ጠዋት ራሴን የሚወጋኝ ሕመም ጠፋ። ሌሊት ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት እነሳ የነበርኩት ሰውዬ እስኪነጋ መተኛት ጀመርኩ። ለዓመታት ያላየሁትን ህልም ማየት ጀመርኩ። የማሽኑ የስልክ አፕ ላይ ጠዋት ጠዋት ኤኤችአዩ 2፣ 3፣ አንዳንዴ 1 ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ በአዲስ ዕቃ ፍቅር መጠጡንም ረስቼው ነበር።

ከዚያ የጓደኛ ልደት መጣ። ጨዋታው ደራ፣ ሦስት አራት ብርጭቆ ገባ። ሞቅ ብሎኝ ቤት ገባሁ፤ ግን ኩራተኛ ታካሚ ስለሆንኩ ማስኬን አድርጌ ተኛሁ። ጠዋት ስነቃ አፌ እንደ ካርቶን ደርቋል። ቱቦው ክንዴ ላይ ተጠምጥሟል፣ ማስኩ ከአልጋው ሥር ነው፣ ማሽኑ ጠፍቷል። መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም። ባለቤቴ ፊቷን አዙራ ተኝታለች፤ ከአኳኋኗ ብቻ የሌሊቱን ወሬ ገባኝ።

አፑን ከፈትኩ። ኤኤችአይ 1.9! አረንጓዴ ምልክት፣ ማበረታቻ ምናምን። "እንዴ፣ ያማል የተባለው መጠጥ ተስማማኝ እኮ" አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ እውነት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ነው ከሥር ያለችውን ትንሽ መስመር ያየኋት፦ የአጠቃቀም ጊዜ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ።

የዚህ ዕቃ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ሁሉም ገዢ ሊያውቀው ይገባል ብዬ የምጮኸውም ስለዚህ ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው ማስኩ ፊታችሁ ላይ ያለበትን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በደንብ ተንፍሻለሁ፤ የቀረውን አምስት ሰዓት ያየው የለም። ሦስት ጥያቄ ሠርቶ ፈተናውን ጥሎ የወጣ ተማሪ በሠራቸው ሦስቱ ብቻ ታርሞ መቶ ከመቶ እንደማግኘት ነው። እና የትኛውን ሌሊት ነው ጥሎ የሚወጣው? የጠጣበትን። ጉሮሮው ከሁሉም በላይ የሚዘጋበትን ሌሊት።

ለምን እንደሚብስ ሐኪሙን ጠይቄው በደንብ አስረዳኝ። አልኮል ጡንቻ ያላላል፤ ምላስንና የጉሮሮን ጡንቻ ጨምሮ። ስንተኛ እነዚህ ጡንቻዎች ድሮም ይላላሉ፤ አፕኒያ፣ ማለትም ይህ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ደግሞ መተንፈሻው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሲላላ ይዘጋል። እሺ፣ ይህንን ገምቼው ነበር። ያልገመትኩት ሁለተኛውን ነው። ትንፋሽ ሲቋረጥ አንጎል "ተነስ!" ብሎ የሚቀሰቅስ ደወል አለው፤ አልኮል ይህንን ደወል ያዘገየዋል። ስለዚህ መዘጋቱ መብዛቱ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ መዘጋት ይረዝማል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም የበለጠ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ አፍንጫ ያፍናል። አፍንጫ ሲታፈን አፍ ይከፈታል፤ አፍ ሲከፈት ማስኩ አየር ያሾልካል።

ደግሞ የሌሊቱ ሁለት ክፍል ነገር አለ። አልኮል ያለበት እንቅልፍ መጀመሪያው ከባድ ነው፤ ድንጋይ ሆናችሁ ትተኛላችሁ። ጉበት በሰዓት አንድ መደበኛ ብርጭቆ ያህል ነው የሚያወጣው፤ ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥነውም። አልኮሉ ሲወጣ እንቅልፉ ይሰባበራል። መጀመሪያ ላይ ታፍኖ የነበረው ህልም የሚታይበት እንቅልፍ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ ጡንቻ ከሁሉም በላይ የሚዝለው በዚያ እንቅልፍ ነው። እኔ ማስኩን የማወልቀው ልክ እዚያ ጋ ነው። ግማሽ ነቅቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ አፌ ደርቆ፣ ፊቴ ላይ ያለው ነገር አናዶኝ፣ እጄ ራሱ ሥራውን ይሠራል።

ማሽኑ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ነው። ይህ ደስ ይላል፤ መዘጋት ሲያይ ግፊቱን ይጨምራል፣ ሲረጋጋ ይቀንሳል። በደህናው ሌሊት ከ8 አይበልጥም። አንድ ቢራ ጠጥቼ ወዲያው የተኛሁ ቀን ግን ግራፉን ብታዩት እንደ ተራራ ነው፤ 11፣ 12፣ 13። ግፊቱ ሲጨምር ማስኩ ያሾልካል፣ ሲያሾልክ ያፏጫል፣ ሲያፏጭ እነቃለሁ። ማሽኑን ልወቅሰው አልችልም። እኔ ጉሮሮዬን ስዘጋ እሱ ሲከፍት፣ ሌሊቱን ሙሉ ትግል ላይ ነን።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ራሴን እንደ ቤተ ሙከራ አደረግኩት። የጠጣሁትንና ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ጠዋት ከአፑ ጋር አስተያየሁ። ሳይንስ ነው አልልም፣ የአንድ ሰው ነገር ነው። ግን ለእኔ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። አንድ ብርጭቆ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከምግብ ጋር ጠጥቼ አራት ሰዓት ብተኛ ብዙም ለውጥ የለም፤ ያችኑ ብርጭቆ አልጋ አጠገብ ይዣት ብገባ ጠዋት ቁጥሩ 6 ወይ 7 ነው። ሁለት ሲሆን ማስኩ እስከ ንጋት የቆየበት ቀን አላስታውስም። ሐኪሙም ከመተኛት በፊት ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት እረፍት ስጠው ነው ያለኝ፤ ጨርሶ ብትተወው ደግሞ ይሻላል አለ፣ እኔ ሁለተኛውን እንዳልሰማ ሆንኩ።

ስለ ዕቃው ሌሎች የማማርርባቸው ነገሮች አሉ። ማስኩ ሲወልቅ ማሽኑ ራሱ የሚጠፋበት ሴቲንግ ከፋብሪካው በርቶ ነው የመጣው። ለማይጠጣ ሰው አሪፍ ነው፤ ሽንት ቤት ስትሄዱ ዝም ይላል። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ወጥመድ ነው፤ ማስኩ ወልቆ ማሽኑ በጸጥታ ይጠፋል፣ ማንም አይነቃም። አጠፋሁትና በምትኩ አየር ሲሾልክ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያ አበራሁ። ተደብቆ ነበር፤ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን ማስኩ ሲወልቅ ይጮሃል፣ ባለቤቴ ትነቃለች፣ በክርኗ ትጎስመኛለች። ምስጋናዋን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

የእርጥበት መስጫው የውሃ ዕቃ ጥሩ ነው፤ በተለይ ለደረቀ አፍ። በየቀኑ አጥቡት፣ የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ተጠቀሙ። አንድ ምክር፦ የምትጠጡ ከሆነ ውሃውን ሙሉትና ማስኩን ትራስ ላይ አስቀምጡት፣ ገና ከመጠጣታችሁ በፊት። ሞቅ ካለኝ በኋላ ቱቦ ለመግጠም ስታገል፣ ውሃውን ኮመዲኖው ላይ ደፍቼ፣ "ዛሬ ይቅር፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል" ብዬ የተኛሁበት ሌሊት አለኝ። "ዛሬ ጠጥቻለሁና ይቅር" የሚለው ሐሳብ ነው የገለበጠን። የጠጣችሁ ቀን ነው ይበልጥ የሚያስፈልጋችሁ።

ሁለት ነገር ግን በቁም ነገር ልበል። አፍና አፍንጫ የሚሸፍነውን ትልቁን ማስክ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሊያስመልሳችሁ እስኪደርስ ጠጥታችሁ አድርጋችሁት አትተኙ። ትውከት ማስኩ ውስጥ ከመጣ ግፊቱ ወደ ሳንባ ሊገፋው ይችላል። እዚያ የደረሰ ሰው ብቻውን መተኛትም የለበትም፤ በጎኑ ይተኛ፣ አጠገቡም ሰው ይኑር። ሁለተኛው፣ የእንቅልፍ ክኒን ወይም ከባድ የሕመም ማስታገሻ ከአልኮል ጋር አትደባልቁ። ሁለቱም ትንፋሽ ያዘገያሉ፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ማሽኑ የማያድነው ነገር ሊመጣ ይችላል። እየወሰዳችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ መጠጡንም ጭምር። እኔ መጀመሪያ "አልፎ አልፎ" ብዬ ነበር የሞላሁት። ሐኪሙ ግራፉን አይቶ "አልፎ አልፎ ማለት ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው?" ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለማሽኑ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት አፑ ላይ ነው፤ ትልቁን አረንጓዴ ቁጥር ፊት ለፊት አስቀምጦ ሰዓቱን ከሥር መደበቁ ልክ አይደለም። ከገዛችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ፣ ከዚያ ቁጥሩን። ከአራት ሰዓት በታች የሆነ ሌሊት ቁጥሩ ምንም ቢሆን አትመኑት።

ማስክ ላይ ደግሞ ለውጥ አለ። መጀመሪያ ትልቁን የወሰድኩት ሌሊት አፍንጫዬ ስለሚታፈን ነው፤ አለርጂ ነው ብዬ ስፕሬይ ሁሉ ገዝቼ ነበር። አሁን በሳምንቱ የሥራ ቀናት መጠጣት ከተውኩ ወዲህ አፍንጫዬ ክፍት ነው። የስምንት ወሩ ማስክ ማሰሪያውም ስለላላ በአፍንጫ ብቻ የሚሆነውን ትንሹን አዝዣለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል ተብሏል። ሁለት ሳምንት ከተኛሁበት በኋላ ስለ እሱ ለብቻው እጽፋለሁ።