መድረክ ወይስ ቅጂ? ለደሴና ለኮምቦልቻ የስፖክን ወርድ ልጆች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ በስፖክን ወርድ፣ ማለትም ለአዳማጭ በድምፅ በሚቀርብ ግጥም፣ መተዳደር የሚፈልግ ወጣት ሁለት መንገድ አለው። ግጥሙን መድረክ ላይ ያቀርባል፣ ወይም በሂፕ ሆፕ ቢት (በተቀናበረ አጃቢ ሙዚቃ) ቀድቶ ይለቀዋል።

ቅጂ ሩቅ ይሄዳል። ዩቲዩብ ላይ የወጣ ሥራ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይሰማል። ግን ስቱዲዮ ያስከፍላል፤ ቢቱም ባለቤት አለው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ስለሚጠብቅ ከአቀናባሪው ጋር በጽሑፍ ተስማማ።

መድረክ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ የለውም። እኔ ግን እሱን አስቀድማለሁ። ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ፣ የቱ ስንኝ አዳማጭ እንደሚይዝ የሚታወቀው ሰው ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኒውዮርክ፣ ሃርለም የተነሱት ላስት ፖየትስ የተባሉ ገጣሚዎች ግጥማቸውን በከበሮ አጅበው ሰው ፊት ነበር የሚያቀርቡት። ራፕ ከእነሱ ብዙ ወርሷል።

ወሎ ደግሞ የመንዙማ አገር ነው። አንዱ ሲያወጣ ሌላው መቀበሉን ታዳሚው ከልጅነቱ ያውቀዋል። የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶችም የዚሁ አካባቢ ስም ናቸው። ክራር የሚመታ ጓደኛ ካለህ በአምባሰል ያጅብህ፤ ከተገዛ ቢት ይልቅ የራስህ ድምፅ ይወጣል። ስቱዲዮ የምትገባው ያኔ ነው።