«በኢንተርኔት ያዩታል» ሲሏችሁ ውል እንዳታድሱ

ወገኖቼ፣ በተለይ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የኬብል ቲቪና ኢንተርኔት በአንድ ቢል የምትከፍሉ፣ ይህን ሳታነቡ ስልክ እንዳታነሱ። ነገሩ ከሆነ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ንዴቱ አልበረደልኝም። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው፤ ስትመዘገቡ ማር፣ ስትደውሉ ሬት።

አጀማመሩን ታውቁታላችሁ። ከስክሪኑ ግርጌ «ይህን ጣቢያ ልታጡ ትችላላችሁ» የሚል ጽሁፍ ሲሮጥ ይሰነብታል። እሁድ ጨዋታው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ጣቢያው ድርግም ይልና ሰማያዊ ሰሌዳ ይመጣል፦ «የጣቢያው ባለቤት ከልክ ያለፈ ገንዘብ ጠየቀን፤ ቢልዎ እንዳይጨምር እየተከራከርንልዎ ነው።» ጣቢያውም በበኩሉ ጥፋቱን በኬብሉ ላይ ይለጥፋል። በመሃል የሚከፍለው ሰው ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

ደወልኩ። ከረጅም ሙዚቃ በኋላ ያነሳው ሰው ድምፁ የሚያረጋጋ ነበር። «ምንም አያስቡ፤ የጣቢያውን አፕ ያውርዱ፣ በእኛ አካውንት ይግቡ፣ ሁሉንም በቀጥታ በኢንተርኔት ያዩታል» አለኝ። ቀጠል አድርጎ «ስላስቸገርንዎ በወር 10 ዶላር ልቀንስልዎ፤ ስልክዎ ላይ የላክሁትን ብቻ ያረጋግጡ» አለ። ሊንኩን ከፈትኩት፤ ረጅም ጽሁፍ ነው። ላንብበው ስል «ጨዋታው እያመለጠዎት እኮ ነው» ብሎ አጣደፈኝ። ተጫንኩት። የተጫንኩት የ24 ወር አዲስ ውል ነበር።

አፑን ከፈትኩ። ቲቪው ላይ ኮድ ሰጠኝ፤ በስልኬ አስገባሁት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ድርጅቱን መረጥኩ፣ ፓስዎርድ ጻፍኩ። አረንጓዴ ምልክት መጣና ተሳክቷል አለ። ወደ ቲቪው ቀና ስል ግን «ይህ ጣቢያ በፓኬጅዎ ውስጥ አልተካተተም» ይላል። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ፓስዎርዱንም ቀየርኩት፤ ያው ነው።

መልሼ ስደውል ያነሳችው ሴት ቃል በቃል እንዲህ አለችኝ፦ «ጣቢያው ለጊዜው እኛ ጋ የለም። አፑም በእኛ አካውንት አይሠራም።» ባልደረባዋ ያለኝን ነገርኳት። «እሱ ያለውን እኔ አላውቅም። ቻናሎች ሊለዋወጡ እንደሚችሉ ውሉ ላይ ተጽፏል፤ እርስዎም ተስማምተዋል።» ላቋርጥ ብልስ? ለቀረው ለእያንዳንዱ ወር 15 ዶላር ነው፤ 24 ወር ማለት 360 ዶላር። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ዘጋችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሚያቃጥለኝ፣ ሰውዬው ያለው ነገር ከመጀመሪያውም ሊሆን እንደማይችል ማወቅ መቻሌ ነው። የጣቢያ አፕ በኬብል አካውንት ሲከፈት የሚሆነው ይኼ ነው፦ አፑ ኬብሉን «ይህ ደንበኛ ይህን ጣቢያ ይከፍላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ኬብሉም የአካውንቱን የቻናል ዝርዝር አይቶ ይመልሳል። አረንጓዴው ምልክት ፓስዎርዱ ትክክል መሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። በአፑ የማየት መብት ራሱ ጣቢያውና ኬብሉ የሚዋዋሉት ውል አካል ነው። ውሉ ሲያልቅ ሁለቱም በር አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ጣቢያው ከኬብል በወጣበት ሰዓት «በእኛ አካውንት በኢንተርኔት ያዩታል» የሚል ሠራተኛ ወይ ሥራውን አያውቅም ወይ እያወቀ ይዋሻል። የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በነፃ የሚለቀቁ የቆዩ ክፍሎችና ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች ናቸው።

ከዚህም የባሰ ተደርጎ ያውቃል። በ2010 (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) የፎክስ ጣቢያና ኬብልቪዥን የሚባለው የኬብል ድርጅት ሲጣሉ፣ የኬብልቪዥን ኢንተርኔት ያላቸው ሰዎች የፎክስን ፕሮግራም «ሁሉ» (Hulu) በሚባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ እንኳ እንዳያዩ ለሰዓታት ተዘግቶባቸው ነበር። በ2013 የሲቢኤስ ጣቢያና ታይም ዋርነር ኬብል የሚባለው ድርጅት ከነሐሴ መጀመሪያ አንድ ወር ሙሉ ሲጨቃጨቁ፣ ሲቢኤስ የራሱን ድረ ገጽ ሙሉ ክፍሎች በታይም ዋርነር ኢንተርኔት ለሚገባ ሁሉ ዘጋ። ቲቪውን ከሌላ ድርጅት የሚከፍል ሰው እንኳ ኢንተርኔቱ የታይም ዋርነር ስለሆነ ብቻ ተቀጣ። እገዳው የሚለየው በቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ስለነበር ዋይፋዩን አጥፍቶ በስልክ ዳታ ማየት ይቻል ነበር።

ጊዜውም በአጋጣሚ አይመረጥም። በ1992 የወጣው የኬብል ሕግ ጣቢያዎች ሥርጭታቸውን ለሚያስተላልፍ ድርጅት ፈቃድ እንዲሰጡ ወይም እንዲከለክሉ መብት ሰጣቸው፤ ለፈቃዱ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ውሉ ሲያልቅ የሚያሳዩት የአሜሪካ እግር ኳስ ዋና መደራደሪያቸው ነው። በ2023 ዲዝኒና ቻርተር የሚባለው የኬብል ድርጅት ከነሐሴ 31 እስከ መስከረም 11 ተጣልተው የታረቁት ትልቁ የሰኞ ማታ ጨዋታ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ነው። በ2025 ደግሞ የዲዝኒ ጣቢያዎች ጣቢያዎችን በኢንተርኔት ከሚሸጠው ዩቲዩብ ቲቪ ጥቅምት 30 ወጥተው የተመለሱት ኅዳር 14 ነው። በእነዚህ ሁለቱ ጠቡ በሁለት ሳምንት አካባቢ አልቋል፤ እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ጊዜ ብዬ የሁለት ዓመት ውል ፈረምኩ።

ሌላም ነገር አለ። ቢላችሁን አውጥታችሁ «ብሮድካስት ቲቪ ፊ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። የመንግሥት ግብር አይደለም፤ ድርጅቱ ለጣቢያዎቹ ለሚከፍለው ብሎ ከእናንተ የሚሰበስበው ነው። ጣቢያው ጠፍቶም ይኸው መስመር ሳይነካ ይመጣል። ካልጠየቃችሁ የሚመልስላችሁ የለም። ዩቲዩብ ቲቪ በ2025ቱ ጠብ ለማካካሻ 20 ዶላር ሲሰጥ እንኳ ደንበኛው ራሱ ገብቶ መጠየቅ ነበረበት።

ምን ይሻላል? በስልክ የሚላክ ማንኛውንም ማረጋገጫ ጣቢያው በጠፋበት ቀን አትጫኑ። መጀመሪያ አንቴና ግዙ፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በአየር ነፃ ናቸው። ከመጋቢት 2007 ወዲህ አሜሪካ የገባ ቲቪ መቀበያው ውስጡ አለ። የዋሽንግተን ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 4 እና 5 ቁጥር ጣቢያዎች ዩኤችኤፍ በሚባለው ከፍ ያለ የሞገድ ክልል ስለሚለቀቁ ጠፍጣፋው የመስኮት አንቴና ይይዛቸዋል፤ 7 እና 9 ግን ዝቅ ባለው፣ ቪኤችኤፍ በሚባለው ነው የሚለቀቁት፣ ጠፍጣፋው ላይ ይቆራረጣሉ። ለእነሱ ሁለት የሚሳቡ ዘንጎች ያለው ይሻላል፤ እያንዳንዱን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ስባችሁ በአግድም ዘርጉት። ማማው ቅርብ ከሆነ ማጉያውን ንቀሉት፤ ሲግናሉን አብዝቶ ያበላሸዋል። ቲቪው ቻናሎችን ራሱ እንዲፈልግ ስታዙት «ኬብል» ሳይሆን «አንቴና» ወይም «ኤር» የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው «አንቴናው አይሠራም» ብሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

አንቴና የማይይዝላችሁ ከሆነ የጣቢያውን የራሱን አገልግሎት ለአንድ ወር ብቻ በቀጥታ ክፈሉ፤ በኬብሉ አካውንት ስለማይገባ ጠቡ አይነካውም። ርካሹን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የአካባቢያችሁ ጣቢያ በቀጥታ ይኑረው አይኑረው እዩ። የሲቢኤስ የኢንተርኔት አገልግሎት በሆነው ፓራማውንት ፕላስ ላይ የአካባቢው ሲቢኤስ ሙሉ ቀጥታ ሥርጭት ያለው ውዱ ፓኬጅ ላይ ነው፤ የኤንቢሲው ፒኮክ ላይም የአካባቢው ኤንቢሲ እንዲሁ። በየቡድኑ የሚለጠፉ «ነፃ ሊንኮች» ላይ የካርድ ቁጥር እንዳትጽፉ።

እንደኔ ተታልሎ የፈረመ ካለ፣ የደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የሠራተኛውን መለያ ቁጥርና የተላከለትን ሊንክ ፎቶ ይያዝና ቲቪና ስልክን ለሚቆጣጠረው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚሽን፣ ለኤፍሲሲ፣ በኢንተርኔት አቤቱታ ያስገባ። ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ድርጅቱም በ30 ቀን ውስጥ በጽሁፍ መመለስ አለበት። የእኔን ትናንት ማታ አስገብቻለሁ።