ደሴ ውስጥ የታዘዘውን ዝም ብላ የማትሸጥ ፋርማሲ

ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፋርማሲ አለች። ሦስት ሰው ከቆመባት አራተኛው ውጭ ነው የሚጠብቀው። ስሟን አልጽፍም። የምትሠራዋ ልጅ «ስማችን ይቅር፣ ሥራችንን ነው የሠራነው» ብላኛለች። ለሰፈር ሰው ስናገር ስለከረምኩ ግን እዚህም ልጻፈው። እናቴን ይዤ ሳልሰጋ የምሄድባት ፋርማሲ እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ከጀርባ መጀመር አለብኝ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ክረምት ሲገባ፣ ያ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ደግሞ ይብስባታል። ሰኞ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ደረጃ መውጣት ያቅታታል። 68 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት በየጠዋቱ ሁለት ኪኒን ትውጣለች፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። ስማቸውን በቃሌ የያዝኩት ሁልጊዜ የምገዛላት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሲጠናባት አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳት። ካርድ አወጣን፣ ተራ ጠበቅን፣ ገባን። ጋውን የለበሰው ሰው ጉልበቷን ጫን ጫን አድርጎ አየ። «መቼ ጀመረዎት?» አላት። ከዚያ ጻፈ። ዳይክሎፌናክ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለሁለት ሳምንት። ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ አልጠየቀም። እናቴ ጎንበስ ብላ «አላህ ያክብርልኝ ዶክተር» አለችና ተነሳች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የግፊት መድኃኒት እንደምትወስድ አውቃለሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ዶክተር፣ ሌላም ትወስዳለች» ማለት ብቻ ነው። አላልኩም። ሰውየው አልተቆጣኝም፣ ዝም በል አላለኝም። ዝም ያልኩት በራሴ ነው። ይህ ነገር ብዙ ቀን ሲያሳስበኝ ቆየ።

ወረቀቱን ይዘን ወደ ፋርማሲዋ ሄድን። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ ካርቶኑን አወጣች፣ ግን አላቀበለችንም። እጇ ውስጥ እንደያዘችው፣

«እማማ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለች።

«የለም» አለች እናቴ። ትንሽ ቆይታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የግፊቴ ነው እንጂ።»

«የግፊቱ ስሙ ማን ነው?»

እናቴ «ትንሿና ትልቋ» አለች። ስማቸውን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወደ ኋላ ዞራ ከመደርደሪያው ጀርባ የሚሠራውን ልጅ ጠራችና ሦስቱንም መድኃኒት ነገረችው። እሱም መጥቶ ወረቀቱን አየ። «አይሆንም፣ ደውዪለት» አላት።

ክሊኒኩ ጋ ደወለች። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር እኛም እንሰማለን። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ በተጻፈው መሠረት ስጪ» አላት። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይቅርታ ዶክተር፣ እናታችን ሁለት የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ይህን ጨምሬ መስጠት አልችልም» አለች። ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ከዚያ ሰውየው ራሱ ረጋ ብሎ፣ «ግፊት አለባቸው እንዴ? አልነገሩኝም» አለ። በፓራሲታሞልና በሚቀባ ነገር ቀየረው። በሳምንቱም መጥተው ይታዩ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ጠያቂ ነው ያጣው።

ነገሩን ልጅቷ እንዲህ አስረዳችን። ዳይክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፣ ግን ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። ያኔ ግፊት ይጨምራል፣ የግፊቱ ኪኒንም ኃይሉ ይቀንሳል። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ደግሞ ይቀንሰዋል። ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያበዛው ኪኒን (ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ) ባሉበት ላይ እሱ ሲጨመር፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ሰው፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ይህን በአፏ ብቻ አልነገረችንም። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ዘርግታ ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው። «እኔ አውቃለሁ» አላለችም፣ «ይኸው ተመልከት» አለችኝ።

አሁን ወደዚያ ዝምታዬ ልመለስ። በኛ ቋንቋ ሐኪም መድኃኒት «ያዝዛል»። ወረቀቱ «ማዘዣ» ነው። አለቃ ሠራተኛውን ያዝዛል፣ ሐኪምም መድኃኒት ያዝዛል፣ ቃሉ አንድ ነው። እኛም «ታዘዘልኝ» እንላለን። በታዘዘ ነገር ላይ ደግሞ ጥያቄ ማንሳት ከልጅነታችን አልለመድንም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ጋውን የለበሰ ሁሉ ለኛ «ዶክተር» ነው። ነርስ ይሁን፣ ጤና መኮንን ይሁን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይሁን፣ ማነህ ብለን አንጠይቅም።

ይህ የኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ያወቅኩት በኋላ ሳነብ ነው። ስታንሊ ሚልግራም የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሙከራ ጀምሮ በ1963 የመጀመሪያውን ውጤት አሳተመ። 40 ወንዶች ነበሩ። ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው መልስ በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲያስነዝሩት ይነገራቸዋል። ማሽኑ 30 ማብሪያ አለው፣ ከ15 ቮልት እስከ 450። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፣ እነሱ ግን አያውቁም። ከ40ው 26ቱ እስከ 450 ሄዱ። አስቀድመው የተጠየቁ የአእምሮ ሐኪሞች ግን እስከ መጨረሻው የሚሄደው ከሺህ አንድ ሰው ቢሆን ነው ብለው ነበር። ሰዎቹ ደስ እያላቸው አልነበረም። ያልባቸው ነበር፣ ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር። ግን ቀጠሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ አዛዡ ማን እንደነበር ነው። ግራጫ ጋውን የለበሰ ሰው ነው፣ ተመራማሪ መስሎ የቀረበ። በእውነቱ የ31 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ማን ነህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እኛም ክሊኒክ ውስጥ ጋውኑን አይተን ነው ያመንነው።

ከዚህ ይልቅ ለፋርማሲው ነገር የሚቀርበው የአሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም የቻርልስ ሆፍሊንግ ጥናት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው። ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ለሆኑ ነርሶች አንድ የማያውቁት «ዶክተር» ይደውልላቸዋል። ለአንድ ታካሚ 20 ሚሊግራም ስጪ ይላል። ጠርሙሱ ላይ ግን ከፍተኛው መጠን 10 ሚሊግራም እንደሆነ ተጽፏል። በስልክ ማዘዝ ራሱ በሆስፒታሉ ደንብ ክልክል ነበር። ከ22 ነርሶች 21ዱ ሊሰጡ ሲሄዱ ነው ተመራማሪዎቹ ያስቆሟቸው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ጉዳት የሌለው ነገር ነው። ነርሶቹ ሰነፎች አልነበሩም። የተማሩ፣ ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የኔዋ ልጅ ለምን እምቢ አለች?

መልሱን ያገኘሁት እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመ ተከታይ ጥናት ነው ብዬ አስባለሁ። ያኛው ሲሠራ ነርሶቹ መድኃኒቱን የሚያውቁት ነበር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር መነጋገርም ይችሉ ነበር። ከ18ቱ ሊሰጡ የተነሱት 2 ብቻ ሆኑ። ሚልግራምም ተመሳሳይ ነገር አይቷል። አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች «በቃን» ብለው ሲነሱ ካየ፣ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40 ሰዎች 4 ብቻ ሆኑ። ያቺ ልጅ ከስልኩ በፊት ወደ ኋላ ዞራ ባልደረባዋን የጠራችው ለዚህ ነው የምለው። «አይሆንም» የሚል ሁለተኛ ድምፅ አገኘች። ብቻዋን ብትሆን ትደውል ነበር? ትደውል ይሆናል። እኔ ግን አጠገቤ አንድ ሰው «ንገረው እንጂ» ቢለኝ ኖሮ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ እናገር ነበር፣ በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጄሪ በርገር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሚልግራምን ሙከራ በከፊል ደግሞት ነበር። ሰውየው ሲያመነታ ከሚነገሩት አራት ዓረፍተ ነገሮች የመጨረሻው «ምርጫ የለህም፣ መቀጠል አለብህ» የሚል ነው። እሱን ከሰሙት መካከል አንድም ሰው አልቀጠለም። ሰው የሚታዘዘው ሲቆጡት ነው ብዬ ነበር የማስበው። እዚህ ላይ ግን ግልጽ ትእዛዝ እምቢ ያሰኛል። የሚያስቀጥለው እምነት ነው፣ «ይህ ሰው ከኔ ይበልጥ ያውቃል» የሚለው። ክሊኒኩ ውስጥ የሆንኩት ይኸው ነው። ልጅቷም «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» ስትባል ይበልጥ ነው የጸናችው።

በነገራችን ላይ ታሪኩን ለጎረቤት ስነግር ብዙዎች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው እናቴን ወቀሱ። እኔ አልስማማም። እናቴ አልደበቀችም። አልተጠየቀችም። ለሷ ዕድሜና ለሷ አስተዳደግ ሳይጠየቁ ለሐኪም መናገር ድፍረት ነው።

ስለ ፋርማሲዋ ቀሪውን ልናገር። ካርቶኑ ላይ በአማርኛ በትልቁ ይጽፉላችኋል፣ «ከምግብ በኋላ፣ ጠዋት 1፣ ማታ 1»። እናቴ ራሷ አንብባ ትወስዳለች። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጡም፣ ብትለምኗቸውም። ጎረቤቴ በዚህ ተናዶ ወጥቷል። ሌላ ቦታ አግኝቶ ገዛ።

ጉድለትም አላቸው። ቀርፋፋ ናቸው። እያንዳንዱን ሰው ስለሚጠይቁ ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ ለቸኮለ ሰው አትሆንም። መቀመጫ የላትም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ከሁሉም በላይ የማይጥመኝ ጥያቄውን ሰው እየሰማ መጠየቃቸው ነው። ግፊት ቢሆን ግድ የለም፣ ሌላ በሽታ ያለበት ሰው ግን ከኋላው ጎረቤቱ ቆሞ እንዴት ይመልሳል? ዝም ነው የሚለው። ዝም ካለ ደግሞ ጥያቄው ከንቱ ሆነ። ይህን ለልጅቷ ነገርኳት። አልተከፋችም። «ልክ ነህ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ እናደርጋለን» አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ መጋረጃው ገና አልተሰቀለም። ደግሜ ጠይቄያታለሁ።

እናቴ አሁን ለግፊቷ ክትትል ስትሄድ ሁለቱንም ካርቶን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች። ባለፈው ገና ሳትቀመጥ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። «ዶክተር፣ መጀመሪያ እነዚህን ይዩልኝ» አለች።