ቲማቲሙን ማስጣት ይሻላል ወይስ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት?

ሰበታ ያለው ጓሯችን ውስጥ መስከረም መጨረሻ የተከልኩት የቲማቲም ችግኝ ታኅሣሥ ላይ ይደርሳል። ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ነው፤ ቅርጫት ሙሉ ቲማቲም አንድ ቤተሰብ በልቶ አይጨርሰውም። ስለዚህ ምን እንደማደርገው የማስበው ገና ስተክል ነው።

ማስጣት የበጋ ሥራ ነው፤ በክረምት ይሻግታል። ቲማቲም 94 በመቶ ገደማው ውሃ ስለሆነ 10 ኪሎው ደርቆ ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል። በስሱ እቆርጠውና ጨው ነስነስ አድርጌ ሰፌድ ላይ እደረድረዋለሁ፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ሻሽ አለብሰዋለሁ። ጤዛ ሳይነካው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ማስገባት ግድ ነው። ሲታጠፍ እንደ ቆዳ ጠንከር ካለና ውሃ ካልወጣው ደርቋል ማለት ነው። ሐምሌ ላይ ሽሮ ውስጥ ሲገባ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል! ፀሐይ ከቫይታሚን ሲው የተወሰነውን ይወስዳል፤ ይህ እውነት ነው።

ፍሪዘር ድካም የለውም። ቲማቲሙን አጥቦ እንዳለ ማስገባት ነው፤ ሲወጣም ውሃ ሲነካው ልጣጩ በራሱ ይላቀቃል። መብራት ሲጠፋ ግን፣ ሙሉ ፍሪዘር ሳይከፈት 2 ቀን፣ ግማሽ የሆነ 1 ቀን ያህል ቢይዝ ነው። አምና ክረምት መብራት ለ3 ቀን ጠፍቶ ያስቀመጥኩት ሁሉ ተበላሽቶ ደፋሁት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለቲማቲም ያለ ማመንታት ሰፌዱን እመርጣለሁ። ጎመን ሲተርፍ ግን ፍሪዘር ይሻለዋል፦ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ጨምቆ በትንንሽ ፌስታል።