«ለሪበንም ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠው የክሮስኦቨር ቦርድ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ፕላነር ወይም ሪበን ስፒከር (ማግኔት አጠገብ በተወጠረ ስስ ፎይል ድምፅ የሚያወጣውን ዓይነት) በቤታችሁ የምትሠሩ ሁሉ፣ ተጠንቀቁ። ፒያሳና መርካቶ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችም ሆነ በቴሌግራም ገበያ፣ አንድ ሁለት ካፓሲተርና ቀጭን ኮይል የተበየዱባት ትንሽ የክሮስኦቨር ቦርድ (ድምፁን ከፍላ ቀጭኑን ወደ ትዊተር፣ ወፍራሙን ወደ ዉፈር የምትልክ) «ለማንኛውም ትዊተር፣ ለሪበንም ጭምር» ስትባል ብትሰሙ እጃችሁን ሰብስቡ። ላይዋ ላይ «3,500 ኸርዝ፣ 300 ዋት» ስለተጻፈ ብቻ ለእኛ ሥራ አትሆንም። የሚያስቆጨው የተከፈለባት ብር አይደለም፤ ስንት ቀን ተለፍቶበት የተወጠረውን ፎይል ይዛ መሄዷ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። መቁረጫ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ቦርዱ ከሱ በታች ያለውን ድምፅ ከትዊተሩ ማስቀረት የሚጀምርበት ቁጥር፣ የሚወሰነው በካፓሲተሩና በኮይሉ ብቻ አይደለም፤ የሚታሰርበት ስፒከር ስንት ኦም እንደሆነም ይወስነዋል። እነዚህ ቦርዶች አብዛኛውን ጊዜ ለ8 ኦም የተሰሉ ናቸው፤ በቤት የሚሠራ ፕላነር ግን ብዙ ጊዜ 4 ኦም አካባቢ ነው። 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻ ያለበትን ቦርድ ውሰዱ። በ8 ኦም 4,230 ኸርዝ ገደማ ላይ ይቆርጣል፤ 4 ኦም ስታስሩበት 8,470 ይደርሳል። ዉፈራችሁ 3,500 ላይ ከቆመ፣ በመሃል ያለው ድምፅ ባለቤት አጣ ማለት ነው። ዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ሲል ይደበዝዛል፣ የማሲንቆው ጥራት ይጠፋል።

ኮይል የተጨመረበት የ12 ዴሲቤል ቦርድ (ከመቁረጫው በታች በያንዳንዱ ኦክታቭ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር፣ 12 ዴሲቤል የሚቀንሰው) ደግሞ በሌላ መንገድ ያታልላል። ሊንክዊትዝና ራይሊ በተባለው የተለመደ የክሮስኦቨር ስሌት ለ8 ኦም 3,500 ኸርዝ የሚሠራው 2.8 ማይክሮፋራድና 0.73 ሚሊሄንሪ ይይዛል፤ መቁረጫው ላይ ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። 4 ኦም ሲታሰርበት መቁረጫው ከቦታው አይነቃነቅም፤ እዚያ ላይ የሚወርደው ግን 12 ዴሲቤል ይሆናል። ሰሚው «ፕላነሩ ደካማ ነው» ብሎ ድምፅ ይጨምራል፤ ጉዳቱም ከዚያ ይጀምራል። ለ4 ኦም ትክክለኛው 5.7 ማይክሮፋራድና 0.36 ሚሊሄንሪ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የቁልቁለቱ (ድምፁ ከመቁረጫው በታች በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ) ጉዳይ ነው፤ ባለሱቅ ሲያነሳው የማይሰማውም ይኸው ነው። ድምፁ በእኩል መጠን እንዲሰማ ከተፈለገ፣ ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ፎይሉ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። የ6 ዴሲቤል ክሮስኦቨር በያንዳንዱ ኦክታቭ ቮልቱን በግማሽ ብቻ ስለሚቀንስ፣ ከመቁረጫው በታች የፎይሉ እንቅስቃሴ እጥፍ እየሆነ እስከ ሬዞናንሱ (ፎይሉ በራሱ በቀላሉ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ) ድረስ ያድጋል። 12 ዴሲቤሉ እድገቱን ያቆመዋል እንጂ አይቀንሰውም። እንቅስቃሴው በእርግጥ መቀነስ የሚጀምረው ከ18 ዴሲቤል ጀምሮ ነው። የጉልላት (ዶም) ትዊተር ይህን በመጠኑ ይችለዋል። በጥቂት ማይክሮን የሚለካ አሉሚኒየም ግን ይላላል፣ ማግኔቱን መንካት ይጀምራል፣ ይንኮሻኮሻል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል። አንዴ የላላ ፎይል ደግሞ ተመልሶ አይጠብቅም፤ በአዲስ መተካት ነው።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሬዞናንሱን እወቁ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በሳውንድ ካርድና በአንድ ሬዚስተር ኦሙ ከፍሪኩዌንሲ ጋር የሚለዋወጥበትን መስመር ይስልላችኋል። መስመሩ ላይ ከፍ የምትለዋ ትንሽ ጉብታ ሬዞናንሱ ናት። በ24 ዴሲቤል የምትቆርጡ ከሆነ መቁረጫው ቢያንስ የሬዞናንሱ እጥፍ፣ በ12 ከሆነ ሦስት እጥፍ ይሁን። ሬዞናንሱ 900 የሆነን ፕላነር «እስከ 1,000 ይወርዳል» የሚላችሁን አትስሙ።

ኦሙን መለካት ለፕላነር ቀላል ነው፤ ሽቦው በፊልም ላይ ተዘርግቶ የተለጠፈ ስለሆነ መልቲሜትር የሚያሳየው ከእውነተኛው ኦም ብዙ አይርቅም። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን መቀነስ አትርሱ፤ 4 ኦም ላይ 0.3 ኦም ቀላል አይደለም። ሪበን ግን ሌላ ነው። ከፊቱ ትራንስፎርመር ስላለ መልቲሜትሩ የሚያነበው የትራንስፎርመሩን ጥቅልል ብቻ ነው፤ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ይህ የሪበኑ ኦም አይደለም። ለአምፑ ግን በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ እውነተኛ ሾርት ነው፤ ስለዚህ ያለ ካፓሲተር አምፕ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፑ የሚያሰማትን «ዱብ» አስቡ፤ ያቺ አንዲት ምት ፎይል ለማውጣት ትበቃለች።

ሱቅ ስትሄዱ ማይክሮፋራድ የሚያነብ መልቲሜትር ያዙ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ትታችሁ ካፓሲተሩን ለኩ። ሲሊንደር የሆነው ኤሌክትሮላይቲክ 20 በመቶ ከፍና ዝቅ ቢል እንኳ ፋብሪካው ስህተት አይለውም፤ ለትዊተር የሚያስፈልጋችሁ ባለ 5 በመቶው ፖሊፕሮፒሊን፣ ከ100 ቮልት በላይ የሆነው ነው። ለመኪና ትዊተር ሽቦ ላይ ተሰክታ የምትመጣዋ ትንሽ ካፓሲተርም አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮላይቲክ ናት፣ ቁልቁለቷም 6 ዴሲቤል ነው። የኮይሉን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከቀይ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። «300 ዋት» የሚለውን ጽሑፍ ጨርሶ እርሱት፤ ቦርዱ ፎይላችሁን አያውቀውም።

ታዲያ ምን እንግዛ? 4 ኦም ለሆነና ሬዞናንሱ ከ1,200 ለማይበልጥ ፕላነር፣ በ3,500 ኸርዝ 18 ዴሲቤል የሚቆርጥ ክሮስኦቨር ሦስት ዕቃ ብቻ ይፈልጋል፦ በተከታታይ 7.5 ማይክሮፋራድ፣ ከዚያ ወደ መሬት መስመር 0.14 ሚሊሄንሪ የአየር ኮይል፣ ከዚያ እንደገና በተከታታይ 22 ማይክሮፋራድ፣ ከዚያ ስፒከሩ። 7.5 ካጣችሁ 6.8 እና 0.68 ጎን ለጎን (በፓራለል) እሰሩ። ስፒከሩ 6 ኦም ከሆነ ደግሞ 5፣ 0.2 እና 15 ይሆናል። ፕላነር ኦሙ ከፍሪኩዌንሲ ጋር ብዙም ስለማይዋዥቅ የመጽሐፍ ስሌት እንደ ወረደ ይሠራለታል፤ ዉፈር ይህን ዕድል አያገኝም።

ፕላነሩ ከዉፈሩ ከጮኸ፣ አንድ ሬዚስተር ብቻ በተከታታይ መክተት ከፊቱ ያለው ክሮስኦቨር የሚያየውን ኦም ይለውጥና ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳችኋል። ለ3 ዴሲቤል ቅነሳ 1.2 ኦም በተከታታይ፣ 10 ኦም ደግሞ ከስፒከሩ ጎን ለጎን እሰሩ፤ ሁለቱም ባለ 10 ዋት። መጠኑን የምትወስኑት በምትቀመጡበት ቦታ ሆናችሁ ይሁን፤ ረጅም ሪበን ርቀት ሲጨምር ከዉፈሩ ያነሰ ስለሚደክም፣ አጠገቡ ቆማችሁ ያስተካከላችሁት ሶፋው ላይ ይጮሃል።

አክቲቭ ክሮስኦቨር (ከአምፑ በፊት የሚገባና በመብራት የሚሠራ) ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንዶቹ ፍሪኩዌንሲውን በ10 የሚያባዛ ቁልፍ አላቸው፤ ቁልፉ ካልተጫነ 3,500 ያላችሁት 350 ነው፣ ፎይሉም በመጀመሪያው ዘፈን ያልቃል። ስለዚህ አክቲቭ ብትጠቀሙም ከ4 ኦሙ ስፒከር ፊት 47 ማይክሮፋራድ ይቀመጥ። 850 ኸርዝ አካባቢ ስለሚቆርጥ 3,500 ላይ ብዙ አይነካችሁም፤ የአምፑን «ዱብ» ግን ያስቀርላችኋል።

ቦርዱን ቀድማችሁ የገዛችሁ ከፕላነሩ ዛሬውኑ ፍቱት። የዉፈር ወገኑ ለ8 ኦም ዉፈር ሊያገለግል ስለሚችል ኮይሉን ለክታችሁ አስቀምጡት። ዕቃው ጉድለት ካለበት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት አያስፈራችሁ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ ደረሰኙ ላይም «ክሮስኦቨር» ብቻ ሳይሆን «ለ4 ኦም፣ 3,500 ኸርዝ፣ 18 ዴሲቤል» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። ባለሱቁ ይህን አልጽፍም ካለ አትግዙት።